የሚዛን ድንጋይ

መሐል ሜዳ ላይ፣ ውርጭ ባደረበት ጧት፣
የወፍጮው ዝምታ አረዳን ያንን ሞት።
ደወል አልተመታ፣ ጥሩንባ አልተነፋ፤
ቱክ ቱክ የሚል ድምፅ ብቻ ከመንደሩ ጠፋ።
ስልቻ ያዘሉ ሴቶች በየመንገዱ
ቆመው አዳመጡ፤ ወደ ኋላ ሄዱ፤
እህሉን አውርደው፣ ነጠላ አዘቅዝቀው
ወደ እኛ ቤት መጡ፣ ማንም ሳይጠራቸው።

ዘጠና ሁለት ዓመት፤ «ዕድሜ ጠግቧል» አሉ፤
እንደ ገብስ በቁና የሰፈሩት ይመስላሉ።

ሞተሩን ያመጡት ከታርማበር ወዲህ
በአርባ ሰው ትከሻ፤ «ያዝ! ግፋ! ወዲህ!»
ሁለት ወንድማማች፣ አንድ በሬ ሸጠው፣
ሌላውን አስይዘው፣ ገንዘብ ተበድረው፤
አባቴ እንግዳሸት፣ አጎቴ ወንድይራድ፤
ትርፍ እኩል፣ ዕዳም እኩል፣ መሐላውም አንድ።

ሞተሩ በክፍያ ጆሮውን ወሰደ፤
ከዚያ ወዲያ አባቴ ሹክሹክታን ካደ።
ሰላምታው ቁጣ ነው፣ ጸሎቱ እሪታ፤
«እግዜር ይስጥልኝ» ሲል ውሻ ይሸሻል ማታ።
ወፍጮው ሲወረስም በቱታ ተቀጥሮ፣
ሦስት ዓመት የገዛ ሞተሩን ሲወለውል ኖሮ፣
ሲመለስለት ደግሞ ድግስ አልደገሰም፤
ዘይቱን ለካና «ጎድሏል» አለ፤ ሌላ አላለም።

ታዲያ በሁዳዴ፣ ከጥዱ ጥግ ገብቶ፣
ለመምሬ ሊናዘዝ፣ አንገቱን ደፍቶ፣
በሹክታ መስሎት — ቅጥሩ ሁሉ ሰማ፦
«አባ፣ ሚዛን አዛባሁ! ሌባ ነኝ እኔማ!»
መምሬ ባይሸፍኑት አፉን በነጠላ
ቀሪውንም በሰማን፣ ያለውን ከኋላ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ዱቄቱን ሲያነሣ፣
ሰው በእጁ ይመዝናል፣ ቅንድቡ ሲነሣ።
ሞላሌ ድረስ ሄደው ያስፈጩም ነበሩ፤
ወር ሳይሞላቸው ግን ወደ እኛው ዞሩ፤
«የዚያኛው ይወደዳል።»
ለምን እንደሆነ
አንድም ሰው አልጠየቀም፣ ወረፋ እየያዘ።

አጎቴ ግን ጠየቀ። «ሒሳቡ ለምን ያንሳል?
ስልቻው በዝቶ ሳለ ገንዘቡ የት ይገባል?»
አባቴ አልመለሰ። ደንቆሮነቱንም
ያን ለት ብቻ ጠቀሰ፤ «አልሰማሁህም!»
ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ አንድ ጣራ ሥር ውለው፣
በእናቴ አፍ አወሩ፣ አንድ ዱቄት ለብሰው።

ለዕድሩ ድንኳን ሰጥቷል፣ ለወንዙም ግንድ አስጥሏል፤
እየጮኸ ነው የሰጠው፤ ያንን ሁሉም ሰምቷል።
ያልሰማነው ሌላ ነው።

የአርባው ማግስት ነበር። አዲስ ሚዛን ገዛሁ፣
ቁጥሩ በመብራት የሚጻፍ። ልፈትነው ብዬ አነሣሁ
የአባቴን ድንጋይ፣ የአምስት ኪሎውን ብረት።
ስድስት ከሩብ አለ።
ደግሜ ጫንኩበት።
ስድስት ከሩብ።

ገለበጥኩት። ሆዱ ተቦርቡሮ ኖሯል፤
ከአሮጌ ባትሪ የቀለጠ እርሳስ ሞልቶታል።
ስድስት ያመጣች ሴት በአምስት ሒሳብ ሄደች፤
ሰባ ሰባትንም እንዲህ ሆና አለፈች።
ጽሕፈት አያውቅም ይሉታል። ዋሹ። በእርሳስ ጽፏል፤
ሊጠፋ የማይችል፣ ከብረት ሥር አርፏል።

ግን ወፍጮው የሁለት ነው። ያጎደለው ሳንቲም
ግማሹ የወንድሙ ነው፤
ለካ ያ ጩኸቱም…

ድንጋዩን ታቅፌ አጎቴ ዘንድ ሄድኩኝ።
ባናውን ተከናንቦ እሳት ዳር ነው። ምንም አላልኩኝ፤
እጁ ላይ አኖርኩት።
ዓይኑ ከደከመ ቆይቷል፤ በጣቱ ዳሰሰው፣
እርሳሱን አገኘው፣ እንደ ጠባሳ አሻሸው፤
ከፍ፣ ዝቅ አደረገው። ዝም አለ። ከሩቅ
ልጆቼ ያስነሡት ሞተር ይሰማል፣ ቱክ፣ ቱክ።

«ከዚህ እርሳስ» አለኝ፣ ድንጋዩን ሳያነሣ፣
«ግማሹ የኔ ነው። አደራ፣ እንዳትረሳ።»