ቅምቅማት

መስከረም ሲጠባ፣ አራዳ ገበያ፣
ከሲንጀሬ ፊት ነው የኔ መዋያ።
በግራዬ ቀሚስ፣ በቀኜ ሱሪ፣
ካንድ ጣቃ ወጥቶ በሁለት ስም ተጠሪ።
ሜትር አንገቴ ላይ፣ ጠመኔ ከጆሮዬ፣
ስንቱን ለክቻለሁ!
ዘንድሮ ያንቺን ስለካ ግን ተሳሳተ እጄ፣
"አባባ፣ ሱሪ ስፋልኝ" ስትይኝ፣ ልጄ።
ቀጥለሽም፣ ዓይንሽን ከወለሉ ተክለሽ፣
"ደግሞ... አንቺ አትበለኝ።"

ይኸው፣ አሁንም አልሁሽ።
ምን ላድርግ? አፌን የፈታሁበት ቋንቋ
"ና" ካላለ "ነይ" ነው፤ "ሂድ" ካላለ "ሂጂ"፤
ሦስተኛ በር የለው።
ውኃ ለመለመን እንኳ ምላሴ
ማን እንደሆንሽ አስቀድሞ መፍረድ አለበት።
ትናንት ማታ ስታስዪ
"ተሻለ..." ብዬ ቆምሁ፤
የመጨረሻዋን ፊደል ዋጥሁ።

ዱሮስ እኔ አልነበርሁ፣ ገና በዳዴሽ፣
"ና የኔ ጌታ፣ ና አንበሳው" እያልሁ የማቆላምጥሽ?
ያኔ ትስቂ ነበር።
ጨዋታዬ ይሆን ውስጥሽ ገብቶ የቀረ?
ወይስ እኔ ስጫወት፣
አንቺ የምርሽን ትሰሚኝ ነበረ?

ስምሽን ማስተዋል አልን፤ ለወንድም ለሴትም ይሆናል ብለን።
አጎትሽ ባንተአምላክ በስምሽ ቅኔ ይዘርፍብኛል፦
"ማስተዋል ገና ናት! በአሥራ ሦስት ዓመት
ማስተዋል ከየት ይመጣል?
ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም!"

እናትሽ አትጠገብ ምስር ትለቅማለች፤
ከሰፌዱ ቀና ሳትል፣
"እኔን ስትድሩኝ ስንት ዓመቴ ነበር፣ ወንድሜ?" አለች።
ቤቱ ዝም።
"አሥራ ሁለት። ያኔ 'ደርሳለች' አላችሁ።
አንገረብን በሌሊት ተሻግሬ ጠፍቼ ስመጣ ግን
'ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች' ብላችሁ መለሳችሁኝ።
ለባል የደረስሁ፣ ለራሴ ምነው አልደረስሁ?"

ልክ ናት፣ አልሁ በሆዴ።
ግን እኔም በአሥራ ሦስቴ
ዋልድባ ገብቼ ልመንኩስ ብዬ ነበር።
እርግጠኛ ነበርሁ፤ እንደዚያ እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም ከዚያ ወዲህ።
በአሥራ ሰባተኛው ቀን ተመለስሁ፣ እግሬ ቆስሎ፣
የቋርፉ ምሬት ከጥርሴ ሳይለቅ።
ስለዚህ ፈራሁ።
የተቆረጠ ጨርቅ ቢቀጥሉትም ያስታውቃል፤
ደግሞ፣
ሳይቆረጥ የከረመውን ብል ይበላዋል።
ሠላሳ ዓመት መቀስ ይዤ
ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ሌሊት፣ ማሽኑ ላይ እንዳቀረቀርሁ፣ ትዝ አለኝ፤
ያን ዕለት እናቴ አልሳቀችብኝም።
በሶ ቋጥራ ሰጠችኝ። "ሂድ፣ ልጄ" አለች፤
አሥራ ሰባት ሌሊት
በሩን ሳትቀረቅር አደረች።

ሱሪውን ሰፋሁ።
ከግርጌው አራት ጣት፣ ከጎኑ ሁለት ጣት ትርፍ አጥፌ ተውሁ፤
ቅምቅማቱን በላላ ክር፣ በጥርስ በሚፈታ።
ወዴት እንደሚታደግ አላውቅም፤
ልብስ ሰፊ የሚያውቀው፣ ልጅ እንደሚያድግ ብቻ ነው።
ነገ ምክትሏ፣ ወይዘሮ ትርንጎ፣ ከበሩ ላይ ስታፈጥ
አብሬ እቆማለሁ፤
የምመልሰው ገና አልመጣልኝም።

መጥሪያ ግን ያገኘሁ መሰለኝ።
አገራችን ለሸበተ ሰው ቆልፋ ያኖረቻት፣
ወንድ ሴት የማትለይ አንዲት ቃል አለች፤
ዕድሜ ላልጠገበ አትሰጥም።
እንግዲህ ሰርቄም ቢሆን፣ ጎረቤትም ይሳቅ፣
ለጊዜው፣ የሚሆነው እስኪታወቅ።

ማስተዋል፣ አንቱ፣
ነግቷል፣ ይነሡ። ሱሪዎ ደርሷል።
ይልበሱትና እንየው።
ከጠበበዎት እንፈታዋለን።