የመጡበት ምክንያት

አስፋልቱ አለቀ። የባጃጁ ልጅ
«ከዚህ ወዲያ» አለኝ፣ «በቅሎ ነው የሚበጅ።»
ሻንጣዬን ሸክፌ በጽዶቹ መሀል
ወጣሁ እያረፍኩኝ፤ ዕድሜም ሻንጣ ይሆናል።

ቤቱ ጥቁር ድንጋይ፣ ሽበት የወረረው፣
ደረጃው መሀሉን ጫማ የቦረቦረው፤
ኦቦ ሂርጳ ወጡ፣ ካፖርት ደርበው፣
መዝገብ በብብታቸው፣ ቁልፍ አንጠልጥለው።
የቁልፉ ማንጠልጠያ ጉማጅ የከበደ፤
«ቀላል ቀላሉማ ከተማ ወረደ።»

መዝገቡን ገለጥኩት። እርጥበት ጠጥቷል።
ስም። የመጡበት ከተማ። የመጡበት ምክንያት።
«ለአደን።» (ቀኑ ጠፍቷል።)
«ለጫጉላ።» ሁለት ስም፣ በአንድ እጅ ጽሕፈት።
«ለሳንባዬ፣ ሐኪም አዞኝ።»
«ለጥናት፤ የዛፍ ዕድሜ ልቆጥር።»
አንዷ ደግሞ፣ ወይዘሮ ትርፌ የምትባል፦
«ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ለመስማት።»

ከሷ በታች ያለው ባዶ መስመር የኔ ነው።
እስክሪብቶ አነሳሁ። መልሼ አስቀመጥኩት።
«ማታ ይሞሉታል፤ የቸኮለ የለም፣
ጥድፊያ ከዚህ በላይ ኔትወርክ የለውም።»

የሱባ ደን ቆሟል ከመስኮቴ ማዶ፣
ባለጉዳይ መስሎ፣ ተራ መጠበቅ ለምዶ።
ጉሬዛ ከጫካው ጉሮሮ ጠረገ፣
የዕድር ዳኛ መስሎ ዝምታ ፈለገ።
ዝም አልኩ።

ለዚህ አልነበር የመጣሁት? ለዝምታ፣ ለዛፍ?
ታዲያ ምን ያደርገኛል ብርድ ልብስ ተከናንቤ
በረንዳው ጫፍ ድረስ ወንበሩን ስቤ፣
ቁልቁል አዲስ አበባን፣ ያንን የብርሃን ክምር፣
አመድ ጭሮ ፍም እንደሚፈልግ ሰው ስቆጥር?
የቱ ነው ጀሞ? የቱ ነው አየር ጤና?
የኛስ ሰፈር? መብራት ሄዶ ይሆን እንደገና?
አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ማጥፋት የረሳሁት፣
ያ የኩሽና አምፖል፣
ከዚህ ይታይ ይመስል ስፈልገው ሌቱን አነጋሁት።
ድሮ እኔ ስረሳ
የሚያጠፋልኝ ሰው ነበር።

ጠዋት ሻይ አመጡ። ወንበሩ የቆመበትን አዩ፤
ዓይኔንም አዩት፣ ቀልቶ።
«ሁሉም እንደርስዎ ነው» አሉኝ፣ ስኳር እያቀበሉ፤
«ጫካ ሊያዩ ይመጣሉ፣ ከተማ ሲያዩ ያድራሉ።»

መዝገቡን ሳብኩና ከወይዘሮ ትርፌ ሥር
ስሜን ጻፍኩ። ከተማዬን። ከዚያ ያ ባዶ መስመር፦
«መብራት ረስቼ።»

ኦቦ ሂርጳ መነጽር አጥልቀው አነበቡ።
አልሳቁም። አልጠየቁም።
ማኅተም መቱ።