ሃያኛው እጥበት

ግራዋ ቀቅዬ፣ ውሃውን አጥልዬ፣
ከዚንክ ጨው ጋር አዋደድኩ፣ ቀስ ብዬ፣ ቀስ ብዬ።
ብልቃጡ ደመነ፣ እንደ አሬራ ነጣ፣
ከዓይን የተሰወረ ብናኝ ከውስጡ መጣ።
ምን ያህላል ካሉኝ፦ አንዷን ጤፍ አንሥተው
ሺህ ቦታ ይክፈሏት፤ ከሺው አንዱን ወስደው
ሠላሳ ቦታ ይሰንጥቁት።
እሱን ነው ያሰርኩት፣ በጥጡ ጉያ ውስጥ፣ ባሕር ዳር፣ ሌሊት።

ድር ቢያብር፣ ይላሉ፣ አንበሳ ያስራል፤
አንበሳስ ይታያል፣ ያገሳል፣ ይሰማል፤
ብናኝን ማሰር ነው ሰባት ዓመት የፈጀኝ፣
ድምፅ የለው፣ ኮቴ የለው፣ ወጥመድ አልበጀኝ።

አለኸኝ ሸመነው።
ከሽምብጥ ወዲያ ማዶ፣ ከሽመና ጉድጓዱ ወርዶ፣
መወርወሪያውን ልኮ፣ ማጉን በድር ሰዶ።
የመጀመሪያዋን ጋቢ ራሱ ለበሳት፤
ሐምሌን ከነሐሴ ከትከሻው ሳያወርዳት።
ላቡ አልሸተተም፣ ሻጋታ አልደፈራት።
«ልጄ» አለኝ «ይሄ ፈትል ምን ቀምሶ ነው?
የኔን ጠረን ሰርቆ የት አባቱ ወሰደው?»

ቅዳሜ ገበያ፣ ወይዘሮ አትጠገብ ሱቅ፣
ጥለቱን ገልጣ አየች፣ ስታገላብጥ፣ ስትስቅ፤
ክሩን በጥርሷ ያዘች፣ ሳበች፣ አዳመጠች፣
«ጥጡ ደህና ነው» አለች፣ ዋጋውን ጠየቀች።
ነገርኳት።
ጋቢውን እንደ ትኩስ ድስት ከእጇ አስቀመጠች።
«ምን ስላለው ነው ይሄ?»
«የማይታይ ነገር።»
«የማይታየውንማ ለነፍስ አባቴ ነው የምናገር፤
ደንበኛ ዓይኑን ነው ይዞ የሚመጣ፤
የማላየውን ዕቃ በስንት ብር ላውጣ?»
ቢሆንም ተቀበለች፦ አርባ ጋቢ፣ በዱቤ፤
ሳቅ ሳቅ እያለኝ ወጣሁ፣ ምሳ ሳልበላ ጠግቤ።

ከበሩ ላይ ግን ጓዴ፣ ዓሣ ሻጩ፣ ጠራኝ፤
ቅርፊት የለበሰ እጁን ዘርግቶ አስቆመኝ።
«ሲታጠብስ?» አለኝ።
«ጋቢ ይታጠባል፤ እጣቢው ዓባይ ይወርዳል፤
ያ የማይታየው ነገር ዓሣዬን ያየዋል?»

መልስ አልነበረኝም።

ሃያ ጊዜ አጠብኩት፤ እጣቢውን አጠራቅሜ
በሃያ ሃይላንድ ሞላሁ፣ ቁጥር ለጥፌ፣ ደክሜ።
መሣሪያው ሲያነበው፣ አምስተኛው ላይ ሲደርስ፣
ግማሹ ኮብልሏል፤ ማን ይሂድ ሊመልስ?

ባለሀብቱ ደወለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦
«ታፔላው ተሰቅሏል፤ ማን ያየዋል ፈልጎ?»
አርባውንም ጋቢ ከአትጠገብ ሱቅ አወጣሁ፣
በባጃጅ፣ በሁለት ዙር።
በሦስተኛው ዙር ስድቧን ይዤ መጣሁ።

ደግሞ አንድ ዓመት ሄደ፦ የሎሚ አሲድ፣ የተልባ ሙጫ፣
የካውያ ትኩሳት፤ ለብናኙ ልጓም ፍለጋ፣ ለነገሬ መቋጫ።
ሃያኛው እጥበት ላይ ውሃው ዝም አለ።
ዝምስ አላለም፤ ከመቶ ሁለት አሁንም ኮበለለ።
ሁለቱንም ጻፍኩት፣ ከዋጋው በላይ፣ በደማቅ ቀለም፤
አትጠገብ አነበበች፦ «ነውሩን ለጥፎ የሚሸጥ አላየሁም።»
ግን ሰቀለችው። በሩ ላይ። ለምን እንደሆን አልጠየቅኋትም።

ጓዴ ነው የገዛ፣ የመጀመሪያውን፤
ግማሹን ዛሬ ከፍሎ፣ ለጾም ቀጥሮ ቀሪውን፣
ዓሣ ሲወደድ።
አልለበሰውም። አጣጥፎ፣ ብብቱ ሥር ይዞ፣ በድንጋዩ መንገድ
ወረደ ወደ ውሃው፤
በሳፋ ቀድቶ ነከረ፣ ጨመቀ፤
ተንበርክኮ ቆየ፣ እጣቢው ላይ አጎንብሶ፣
ሁለቱን ሊያያቸው።