ዘጠነኛዋ ዘንግ

ቤታችን አራት ሜትር፣ ቧንቧው ስድስት ነው፤
ትርፉ በመስኮት ወጥቶ፣ ጓሮ ነው የሚያድረው።
የጎረቤት ዶሮ ቆጥ መስሏት አምሽታ፣
ሲነጋ አገኘናት ጫፉ ላይ ተኝታ።

ባሌ እንየው ነው ስሙ፣ ፊዚክስ አስተማሪ፣
ጡረታ ከወጣ፣ የቧንቧ አሳዳሪ።
ከባሕር ዳር የሚነሣ ድምፅ፣ ጮቄ ላይ ተጋጭቶ፣
ቢቸና ሲደርስ ያነክሳል፣ ግማሹን ጥሎ መጥቶ።
"አንቴና ልሥራ" አለ፣ "አሥራ ሁለት ዘንግ፣
ሁሉም ባንድ ፊት የሚያዩ፣ ሁሉም ባንድ ወግ።"

የአምናው ቧንቧ ከሸፈ።
የክብ ነገር ተንኮሉ፣ ሳይጮህ፣ ሳይታይ፣ ቀስ ብሎ ይዞራል።
አንደኛው ቀዳዳ ልክ ነው።
ሁለተኛው ከአንደኛው ጋር ልክ ነው፣
ሦስተኛው ከሁለተኛው ጋር፤
አሥረኛው ላይ ሲደረስ ግን ከአንደኛው ጋር አይተዋወቁም።
ዘንጎቹ ሲሰኩ፣ እንደ ተቆጣች ዶሮ ላባ
በየፊናቸው ቆሙ።
"እያንዳንዱ እውነቱን ነው" አለ እንየው፣
"ድምሩ ነው ውሸታሙ።"
ያን ቧንቧ ልብስ አሰጣበታለሁ።

ዘንድሮ ከግንበኛው ከሙጬ ቱንቢና ውሃ ልክ ተዋሰ።
ሲባጎ ከሰል ቀብቶ፣ ወጥሮ፣ አንዴ ቢለቀው፣
ጥቁር መስመር ተጋደመ፣ ከጓዳው እስከ ጓሮው።
ምልክቱን በሜትር ለክቶ፣ በሚስማር ጫፍ ነክቶ፣
ቧንቧውን በጡብ መሐል አጥብቆ አስተኝቶ፣
ከአንደኛው ቀዳዳ ረጅም ዘንግ ሰክቶ፣
"ይሄ ምስክር ነው" አለኝ።
"ከቱንቢው ክር ጋር እኩል እስከቆመ ድረስ
ሌላው አይዋሽም።"

መብራት በሦስተኛው ቀን መጣ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት።
ነገ መኖሩን ማን ያውቃል?
እሱ ድሪሉን ይዞ፣ እኔ ምስክሩን ይዤ፣
በነጠላ ተጠቅልዬ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ።
"ይታይሽ?" ይለኛል፣
ስሜን ይሁን ጥያቄውን እንጃ።
"ይታያል" እላለሁ።
መጀመሪያ ቀጭኑ ፑንታ፣ ቀጥሎ ወፍራሙ፤
የአሉሚኒየሙ ፍቅፋቂ እየተጠቀለለ
ከሽበቱ ጋር ይደባለቃል።
ጎረቤት ግድግዳ ደበደበ። አልሰማንም።
አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት…

ዘጠነኛው ላይ ያቺ ዶሮ፣
ለካ ከውጭ ጫፉ ላይ ነበረች፣
ድሪሉ እንቅልፏን ከእግሯ ጀምሮ ቢያንቀጠቅጠው
አገር ይያዝልኝ ብላ ጮኸች።
ሳቅሁ።
እጄም ሳቀ፣ ቧንቧውም፣ ምስክሩም
የፀጉር ያህል ዘመም።
ፑንታው አልፎ ነበር።

ሲነጋ ዘንጎቹን ሰክቶ፣ በሆዱ ተኝቶ፣
አንድ ዓይኑን ጨፈነ።
አሥራ አንዱ አንድ ሆኑ።
አንዷ ብቻ፣ የጣት ስፋት፣ ወደ ጎን አንገቷን አውጥታለች።
"ሌላ ቧንቧ ይገዛ?" አልሁት፣ ዓይኑን ሳላይ።
ቆየ። ጉልበቱን አራገፈ።
"ተዪው። አሥራ አንዱ ይሰማሉ፣
አንዷ ትስቃለች።"

ጣሪያው ላይ ወጣ፣ ፊቱን ወደ ጮቄ መለሰው።
ሬዲዮናችን ጉሮሮውን ጠረገና
የአንድ ሰውዬ ድምፅ፣ ሳያነክስ፣
የጤፍ ዋጋ ነገረን፤ ውድ ነው፤
እኛ ግን ተሳሳቅን።

አሁንም ማታ ማታ ጓሮ ወጥቼ ቀና ስል
ዘጠነኛዋ ከእህቶቿ ተለይታ ትታየኛለች።
"ና እስኪ፣ እንየው" እላለሁ፣
ስሙን ይሁን ግብዣውን እሱም አይጠይቅ፤
ይመጣል።