ገጽ ሁለት፣ ከታች በግራ

ሐሙስ ሐሙስ ትወጣለች ጋዜጣችን፤ አሥራ ስድስት ገጽ ናት፤
በኖርዌይ ዳርቻ፣ ከዓሣ ዋጋ በቀር ብዙ ወሬ በሌላት
በስቱርቪካ ወደብ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት
ዓምዷን የሰፈርኩ፣ ፎቶዋን የቆረጥኩላት
እኔ ነኝ፤ ቱርጉን እባላለሁ።

ሥራ ያስያዘኝ ሲግቫርት፣ ፒፓውን ሳይለኩስ እየነከሰ፣
ደንቡን አስጠናኝ፣ ረቂቁን ገጽ በማስመሪያ እየዳሰሰ፦
«ከማጠፊያው በላይ አንድ ፎቶ፤ ሰው ይኑርበት፤
ፊቱ ወደ ውስጥ ይሁን፤ ወደ ጠርዝ ካየ አንባቢው ይሄዳል ተከትሎት።
ገጽ ሦስት የማዘጋጃ ቤት ነው፤ ማንም አያነበውም፤
ቢቀር ግን ከተማው በሙሉ ይነሳብሻል፤ አያድርስ፣ አትችይውም።
ገጽ አምስት ልደት፤ የፊት ጥርሱ የወለቀ ሕፃን፣ ዘውዱ የወረቀት፤
ገጽ ሰባት ሞት፤ አንድ ዓምድ ስፋቱ፣ አምስት ሳንቲሜትር ቁመት፤
ባለ መርከቡም መረብ ጠጋኙም፣ እኩል ነው የሚደርሳቸው መሬት።
ከሞት ጎን የማቀዝቀዣ ማስታወቂያ አታስጠጊ፣ አደራ፤
አንዴ አስጠግተን፣ ባለ ሱቁ አበባ ይዞ ለቅሶ ቤት ሲዞር ሰነበተ፣ አፍሮ በኛ ሥራ።
የባሕሩን ሙላትና ጉድለት ሰንጠረዥ አትንኪ፤
እዚህ ወረቀት ላይ የማይሳሳተው እሱ ብቻ ነው፤ ጸሐፊው ጨረቃ ነዋ!
ስም አትግደፊ። ሚኒስትር ብንሰድብ ይረሳል፤
የኬክ ውድድር ሦስተኛዋን በአንድ ፊደል ብታጎድያት፣ የልጅ ልጇ ይጠይቅሻል።
ከተሳሳትሽም፣ እርማቱ ገጽ ሁለት፣ ከታች በግራ፣ በደቃቁ ፊደል።
ጥፋት ባደባባይ፣ ይቅርታ በጓሮ። ለዛሬ ይበቃል።»

በየካቲቱ ማዕበል «ሌርካ» የምትባል ጀልባ ከነሰዎቿ ሰጠመች።
አራት ፎቶ፤ ዙሪያቸውን ጥቁር መስመር፤ እኔ ነኝ ያሰመርኩት።
አራተኛው ኤይሊፍ ሃልስኔስ ነበር።
ዓርብ ጠዋት ቢሮ ገባ፤ ጉንጩ አብጦ፣ በሻርፕ ታስሮ፤
ጥርሱን አሞት ማዶ መንደር ቀርቶ ኖሮ!

በሚቀጥለው ሐሙስ፣ ደንቡ ባዘዘው ቦታ፦
«ባለፈው እትማችን ኤይሊፍ ሃልስኔስ ሞቷል ማለታችን ስሕተት ነው፤ ይቅርታ።»

ማን ያነበዋል?
አክስቱ የገና ካርድ መላክ ተወች። ባንኩ ሒሳቡን ዘጋ።
ራግንፍሪድ በርገን ሆና የመጀመሪያዋን ሐሙስ አነበበች፤
ሁለተኛዋ አልደረሰቻትም።
ተዳረች፣ በዚያው በጋ።

እሱ ቅሬታ አላሰማም። ቆርጦ ያወጣትን ብጣሽ በቦርሳው ይዞ ዞረ፤
መታወቂያ ሲሉት፣ እሷን እያሳየ ኖረ።
ሐሙስ ሲሆን ከደጃችን ይገዛል፤ ቆሞ ገጽ ሁለትን ይገልጣል፤
«የተለወጠ ነገር የለም፤ አለሁ ማለት ነው» ብሎን ይሄዳል።
ሃያ ሁለት ዓመት።

በኅዳር፣ ማክሰኞ ሌሊት፣ በገዛ አልጋው ላይ አረፈ።
እህቱ ጉድቬይግ ቦርሳውን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው፤
ብጣሿ አለች፤ በእጥፋቷ ልክ ለሁለት ተገምሳ።
ምንም አላለችኝም።

ገጽ ሰባት ላይ እንደማንም ሰው አምስት ሳንቲሜትሩን ሰጠሁት።
አንዲት መስመር አልጨመርኩለትም።
ከዚያ መብራቱን ላጠፋ ስል ተመለስኩ፤
ገጽ ሁለት፣ ከታች በግራ፣ በደቃቁ፦
«ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ያወጣነው እርማት፣ ከማክሰኞ ጀምሮ ልክ አይደለም።»
ሲግቫርት ቢኖር ማስመሪያውን ያነሳብኝ ነበር።

በሳምንቱ አንድ ስልክ ብቻ ተደወለ፤ ከበርገን፣ የደከመ ድምፅ።
«እርማቱ ምን ይል ነበር?» አለችኝ።
ቃል በቃል አውቀዋለሁ፤ አፌ ግን አልታዘዝ አለኝ።
«ያቺን ሁለተኛዋን ሐሙስ ላኪልኝ፤ ዋጋዋን እከፍላለሁ።»

ምድር ቤት ወርጄ ጥቅሉን ፈታሁ።
ካልተሸጡት መሃል አንዷን መዘዝኩ፤
እጥፋቷ እንኳ አልተከፈተም።