ሦስተኛው ደረጃ

ጀልባ ቀዛፊ ነኝ። ወዲህ ፖርቹጋል፣
ወዲያ ስፔን፤ መሐል ጓዲያና ያልፋል።
ማዶ ሰው ሲያስነጥስ ከዚህ "ይማርህ" ይባላል፣
የነሱ ዶሮ ሲጮህ የኛ ውሻ ይነቃል፤
ሰዓት ላይ ብቻ ነው እኛ የማንገናኝ፣
በኛ ስምንት ሲሆን በነሱ ነው ዘጠኝ።

የኛዋ ዴልፊና አሥራ አንድ ልጅ አላት፤
የማዶው ኤውሴቢዮ ዘጠኝ፣ ከነዚያም ሁለት
መንታ ወንድማማች ከተማ ሊሄዱበት።
"እንጣመር" ብላ ጻፈች። ወረቀቱን ተቀብዬ
መልሱን ይዤ መጣሁ ሳያልቅ ሲጋራዬ።
ከሊዝበን፣ ከማድሪድ ማኅተም እስኪመጣ
ሁለት ክረምት ሄደ፣ ወንዙ ሞልቶ ወጣ፣
የዴልፊና ፀጉር ከጆሮዋ በላይ ነጣ።

"ዓርብ፣ አሥር ሰዓት" አሉን። በኛ አሥር ደረስን፤
አንድ ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ ሲጠብቁን
የማር ኬካቸውን ንብ ወርሮት አገኘን።
በሳምንቱ እነሱ "አናረፍድም" ብለው
በራሳቸው አሥር መጡ ተሰልፈው፤
በኛ ገና ዘጠኝ፣ በሩ እንደተዘጋ ነው።
ዴልፊና ሮጣ መጣች ፀጉሯ እያንጠባጠበ፣
ኤውሴቢዮ ቀዝቀዝ ያለ ሰላምታ አቀረበ።

ከዚያማ "በኛ ይሁን"፣ "የለም፣ ይሁን በኛ"፤
ሰዓት የወሰን ሙግት ሆነ፣ ጠፋለት ዳኛ።
አንዱ "ግማሽ ግማሽ እንካፈል" አለ፤
ታዲያ በዚያ ሰዓት ማን አገር ላይ ዋለ?

ሮሲዮ፣ ያቺ ዝምተኛ፣ ፊቷ ጠቃጠቆ፣
ጀልባዬ ጫፍ ተቀምጣ፣ እግሯ ውሃ ጠልቆ፣
"ሽቅብ የሚፈሰው መቼ ነው?" አለችኝ።
ውሃ ሽቅብ አይፈስም የሚል ይምጣና ይየኝ!
እዚህ ባሕሩ ሲገፋው ወንዙ በቀን ሁለቴ
ሽቅብ ይመለሳል፤ ይህን ነው ያስተማረኝ አባቴ።

እናም እንዲህ ተጻፈ፦
"ውሃው ሲደርስ ከታች ሦስተኛው ደረጃ
ትምህርቱ ይጀመር፤ ጭቃው ይሁን ማስረጃ።"

ችግሩ፣ ውሃ እንደ ትናንቱ አይመጣም፣
በየቀኑ ያረፍዳል፣ ይቅርታም አይጠይቅም።
አንዴ ሒሳብ በንጋት፣ አንዴ ሙዚቃ በማታ፣
ምሳ የሚበላበት ጠፋ ቋሚ ቦታ።
ተቆጣጣሪ መጥቶ ሰሌዳውን አየና
"ይሄ ምንድን ነው?" ቢል፣
"ጨረቃን ጠይቅ" አለች ዴልፊና።

መዝገቡ ላይ አንድ መስመር "የሰዓት ኃላፊ" ይላል፤
ሁለቱ ተያዩ፤ ብዕሩ ወደ እኔ ዞሯል።
ወደ እኔ! ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ አባቴ ሲታመም፣
መቅዘፊያ ወደ ያዝኩት፣ ደብተር ወዳልነካሁት ዳግም።
ጻፍኩ፦ ዜፌሪኖ።
ፊደሉ ተንጋደደ፤ ማንም ምንም አላለም።

መንታዎቹ ሄዱ፤ ማዶ ቀሩ ሰባት።
ይዘጋ፣ አይዘጋ፣ እስካሁን አልነገሩት።
ዛሬም ከደረጃው ጎን ቁጭ ብዬ አያለሁ፤
ውሃው ገና ሁለተኛው ላይ ነው።
እጠብቃለሁ።