ያልተመዘገበው ዓይነት

ሦስት ሰዓት በባቡር፣ ሦስቱንም በዝናብ፣
ከሪጋ ሊየፓያ፣ ደብተሬን ሳነብ።
የ«ዚቤንስ» ሬዲዮ፣ ሞዴል ሠላሳ አንድ፣
አራት ዓይነት አለው፤ አውቃለሁ አንድ በአንድ፦
የፊተኛው ሣጥን ከዋልነት ተጠርቦ፣
ነሐስ ማዞሪያውን ቀጭን መስመር ከቦ፤
ሁለተኛው በርች ነው፣ ቫርኒሽ የተቀባ፣
ድምፅ ማውጫው ጨርቅ ላይ ቢጫ ክር የገባ፤
ሦስተኛው ባክላይት፣ ቡናማ እንደ ጉበት፣
የሚሰነጠቀው አምፖሉ ሲግልበት፤
አራተኛው በአንዲት ብሎን ነው የሚለይ፣ ከኋላው፣ ከላይ፤
የእህቴ ሠርግ ዕለት ታሊን ነበርኩ እኔ፣ ያቺን ብሎን ላይ።

ሁለተኛው ጠፋኝ። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ
ቆጥና ምድር ቤት አሰስኩ፤ «ነበረን» ይላሉ፣
«ክረምቱ ቢጠና ፈልጠን አነደድነው።»
በመጨረሻ ግን አንድ ደብዳቤ መጣ፣ ጽሕፈቱ ዘማማ ነው፦
«ባሌ ኦያርስ ሞቷል። ሬዲዮው ወጥ ቤት ነው።
ቢጫ ክር አለበት። ከፈለግህ ናና እየው።»

ቬልጋ በሩን ከፈተች። ሰማንያ አልፏታል፤
ልታጨስ ስታጸዳ ነው፣ እጇ ዓሣ ዓሣ ይላል።
«እዚያ ነው» አለችኝ፣ ቢላዋዋን ሳትለቅ፤
መስኮቱ ሥር ነበር፣ ጥላሸት ለብሶ እንደ ጨርቅ።
በርች። ቢጫ ክር። ጉልበቴ ራደ።
ጀርባውን ስፈታው ግን ልቤ ተንሸራትቶ ወረደ።

ፋብሪካው የሠራው ሦስት ጥቅል ሽቦ ነው፣
እዚህ አራተኛ አለ፣ ጫፉን በጥርስ የላጡት፣ ብየዳው ብጉንጅ የሚመስለው።
ሻሲው ተበስቷል፣ በምስማር ይመስላል፣
አንዱ አምፖል ባዕድ ነው፣ ከሌላ ቤት መጥቷል፤
ጣቢያ ሲያዝ የሚጠበው አረንጓዴ ዓይኑ ላይ
ጥቁር ወረቀት ተለጥፏል፣ ምንም እንዳያሳይ።

«ተነካክቷል፣ እማማ» አልኩ፣ እንደ ሐኪም ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣
«ግማሽ ዋጋ አይሞላም። ማነው እንዲህ ያበላሸው?»
ዝም። የዓሣውን ቅርፊት ፋቀች፣ ገለበጠችው፣ ፋቀችው።
«ባሌ ነው» አለች ቆይታ። «በሃምሳ ስምንት ክረምት።
አጫጭር ሞገዶቹን ቆርጠው ነበር የሸጡልን ያን ዘመን፤
ከሃያ አምስት ሜትር ወዲያ ደንቆሮ ነበርን።
እሱ ጥቅል ጠመጠመ፣ ሰም ውስጥም ነከረው፣
ከገና ሻማችን ቀንሶ፤ ሌላ ሰም ከየት አምጥቶ ነው?
ሌሊት ብርድ ልብስ ውስጥ፣ ሁለት ራስ፣ አንድ ጆሮ።
ወንድሜ ስቶክሆልም ነበር፣ በጀልባ አምልጦ፣ ተሻግሮ።
ስለሱ ማን ያወራል? የአየሩን ጠባይ ብቻ እንሰማለን፤
‹ነገ በረዶ ነው› ሲሉ፣ ‹ኮት ይኖረው ይሆን?› እንላለን።
ወረቀቱ? ከማዶ ፎቅ አንድ ሰው ነበር፣
ሌሊት አረንጓዴ መስኮት የሚቆጥር።»

ከዚያ ዓይኔን አየችኝ።
«ብሸጥልህስ ምን ታደርገዋለህ?»
«አጸዳዋለሁ» ልል ነበር፤
ቃሉ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

ቤቴ፣ መሳቢያ ውስጥ፣ የማር ጣሳ አለችኝ፣
ሬዲዮ ሳጸዳ፣ ስነቅል፣ ስጠግን የሞላችልኝ፤
ሠላሳ፣ አርባ ጥቅል። ከሰሙ ሥር ተራ መዳብ።
የየትኛው ቤት ድንጋጤ፣ የየትኛው ቤት የወሬ ረሃብ
እንደሆነ አልጻፍኩም። ቀዳዳውን ደፍኜ፣ ወረቀቱን ልጬ፣
«ልክ እንደ ፋብሪካው» ብዬ ፈርሜ ስንቱን ሸጬ።

አልገዛሁም። እሷም አልለመነችኝ።
በጋዜጣ ጠቅልላ ሁለት ያጨሰችውን ዓሣ ሰጠችኝ።
ባቡሩ ሲነሣ ደብተሬን ገለጥኩ፣
ከአራተኛው በታች መስመር አሰመርኩ፦
«አምስተኛ። ፋብሪካ፦ የለም። ሠሪ፦ ኦያርስ፣ ከሊየፓያ።
ምልክት፦ የገና ሻማ ሰም፣ የጥርስ ፋና፣ ጥቁር መሸፈኛ።
ብዛት፦»
እዚህ ላይ ጣሳዋ ትዝ አለችኝ፣
እርሳሴን አነሣሁ።